«እኔ» ስለሚለው ቃል ጥንተ ነገር

በካርቱም ከተማ አርካዊት የሚባል ሰፈር አለ፤ በምሥራቅ ሱዳንም በቀይ ባሕር ተራሮች፥ በቤጃ ሕዝብ አገር፥ በዚሁ ስም የሚጠራ ሥፍራ ይገኛል። ቤጃው ራሱን ሲጠራ «አኔ»፥ ዐረቡ «አና» ይላል። ግዕዝ «አነ»፥ ትግሬ «አና»፥ ኦሮምኛ «አኒ»፥ አማርኛ «እኔ» ይላሉ። ይህን የሰማ ተማሪ «ማን ከማን ወሰደው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ሕዝብ ከሕዝብ የዕቃና የንግድ ስም ይዋሳል፤ «እኔ»ንና «አንተ»ን ግን እምብዛም አይዋስም።

ማስረጃው በግሥ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ግዕዝ «ከተብኩ፥ ከተብከ» ብሎ ሁለቱንም መደብ በ«ከ» ቤት ይጨርሳል፤ ዐረብኛ «ከተብቱ፥ ከተብተ» ብሎ በ«ተ» ቤት ይጨርሳል። ጥንታዊው የትኛው እንደ ሆነ ከሁለቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩም በሸክላ ላይ የተጻፈው የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ፥ አካድኛ፥ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1857 ዓ. ም. አራት ሊቃውንት አንድን ጽሑፍ ተለያይተው ቢተረጕሙት ትርጕማቸው ስለ ተስማማ፥ ንባቡ ታመነ። አካድኛ «እኔ»ን «አናኩ» ይላል፤ በግሡም መጨረሻ ለ«እኔ» «ኩ»ን፥ ለ«አንተ» «ታ»ን ለይቶ የሚያኖርበት አንቀጽ አለው።

እንግዲህ የሴም ቋንቋዎች አባት ሁለቱንም ለይቶ ይናገር ነበር። ግዕዝ የፊተኛውን፥ ዐረብኛ የኋለኛውን ጠብቆ ሌላውን በእርሱ አምሳል ለወጠ። እያንዳንዱ የርስቱን እኩሌታ ስለ ያዘ፥ አንዱ የሌላው ልጅ ሊባል አይችልም፤ ወንድማማች ናቸው። አማርኛም «ከ»ን ወደ «ሀ» አላልቶ «ከተብሁ፥ ከተብህ» ሲል የዚሁ ርስት ተካፋይ ነው። ቤጃና ኦሮምኛ ከኩሽ ወገን ሲሆኑ «አን» የሚለውን ሥር ስለሚጋሩ፥ የቃሉ ዕድሜ ከሴም ቋንቋዎች መለያየት በፊት ይዘልቃል።

መንገዱ በሌላም ዘር ተፈትኗል። የህንዱ ሳንስክሪት «አሃም»፥ አቬስታ «አዘም»፥ የጥንቱ ፋርስኛ «አደም» ይላሉ። «ሀ»፥ «ዘ»፥ «ደ» በሌሎችም ቃላት በሥርዐት ስለሚተካኩ፥ ሊቃውንት በጽሑፍ ያልተገኘውን የሦስቱን አባት ቃል መልሰው ለማቆም ችለዋል።

ስለዚህ መምህር የቃላትን መመሳሰል ባየ ጊዜ ፍርድ አያፋጥን፤ አስቀድሞ የድምፁን ሕግ ይመርምር። አንዱን ቋንቋ የሌላው ተበዳሪ ነው ብሎ ያለ ማስረጃ ማስተማር፥ ተማሪው የራሱን አፍ እንዲንቅ ማድረግ ነውና።