«ወፍ የለም» ከመባላችሁ በፊት፦ የወፍ ወሬ ከምግብ ቤት ስልክ እስከ አፕ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ፣ ኖርፎክ ውስጥ ክላይ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የብሪታንያ የወፍ ወሬ ዋና መገናኛ እዚያች መንደር ያለ አንድ ምግብ ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለቤቷ ናንሲ ጋል ትባል ነበር (ጋል በእንግሊዝኛ የባሕር ወፍ ስም ነው፤ ቀልድ አይደለም፣ የሴትዮዋ እውነተኛ ስም ነው)። ቤቱ ውስጥ አንድ ስልክና አንድ መዝገብ ነበር። ስልኩ ሲጮህ አጠገቡ የተቀመጠው ተመጋቢ ጉርሻውን እንደያዘ ያነሳል። ከሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ የደወለው ሰው «ዛሬ ምን አለ?» ይላል፤ መዝገቡ ይነበብለታል። እሱም ያየው ነገር ካለ ይናገራል፣ ይጻፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፍያ የለ፣ ሠራተኛ የለ።

ዛሬ ለጉዞ ስትነሡ «የትኛውን የወፍ ማሳወቂያ አፕ ልጫን?» የምትሉ ሰዎች፣ ጥያቄያችሁ በዚያ ስልክ ጊዜም ነበረ። ወሬውን ማን ይናገራል? እውነት መሆኑንስ ማን ያጣራል?

አሜሪካኖች ቀደም ብለው፣ በ1950ዎቹ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በቴፕ የተቀዳ የወፍ ዜና በስልክ ማሰማት ጀምረው ነበር። ብሪታንያ ውስጥ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «በርድላይን» የሚባል፣ ደዋዩ በደቂቃ የሚከፍልበት አገልግሎት መጣ። የናንሲ ቤትም በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። የአዲሱ አሠራር ጉልበት የታየው በፌብሩዋሪ 1989 ነው። ኬንት ውስጥ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት አጠገብ ባለ የመኖሪያ ሰፈር፣ ክንፏ ላይ ወርቃማ ምልክት ያላት የሰሜን አሜሪካ ትንሽ ወፍ ተገኘች። ክረምቱን መካከለኛው አሜሪካ ማሳለፍ ሲገባት አትላንቲክን አቋርጣ እንግሊዝ ገብታለች! ወሬው በስልክ ተለቀቀና በአንድ ቅዳሜ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈሩን አጥለቀለቀው። በ1990ዎቹ ደግሞ ፔጀር መጣ፤ ወሬውን ደውሎ መጠየቅ ቀረና ወሬው ራሱ ኪስ ውስጥ ይጮህ ጀመር።

እዚህ ላይ ግን ሰው ሁሉ የሚረሳው ሌላ ታሪክ አለ። ከስኮትላንድ ጠፍቶ የነበረው ኦስፕሬይ የተባለ ዓሣ አዳኝ ትልቅ ወፍ በ1950ዎቹ ተመልሶ ሎክ ጋርተን አጠገብ ጎጆ ሠራ። የወፍ ጥበቃ ማኅበሩ ቦታውን በምስጢር ያዘ፣ ዘብም አቆመ። ያም ሆኖ በ1958 አንድ የእንቁላል ሰብሳቢ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹን ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ተቃራኒውን ሞከረ፦ ሕዝቡን ጋበዘ። ከ10,000 በላይ ሰው መጥቶ በርቀት ተመለከተ፣ ጫጩቶቹም በሰላም በረሩ። ታዲያ ምስጢር ይሻላል ወይስ አዋጅ? እኔ እንደሚመስለኝ አዋጁ የሠራው ጠባቂ ስለነበረ ነው። ጠባቂ የሌለውን ጎጆ አድራሻ በስልክ መበተን ለሌባው መንገድ ማሳየት ነው።

ስለዚህ አፕ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ምን እንደሚደብቅ ነው። በ2002 በኮርኔል የወፍ ጥናት ማዕከልና በኦዱቦን ማኅበር የተጀመረው ኢበርድ፣ ለአደጋ የተጋለጡ የተወሰኑ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም። ይህ የሌለው አፕ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አልጭነውም።

ፍጥነት ላይ ከመጣን፣ ኢበርድ ነፃ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚልከው ቀኑን ውሎ ቤቱ ሲገባ ነው። ማሳወቂያው ደርሷችሁ ስትሮጡ፣ የከተማ ልጅ እንደሚለው «ወፍ የለም»፣ ያውም ቃል በቃል። በተጨማሪ ያልተረጋገጠ ወሬም አብሮ ይመጣል፤ «ያልተረጋገጠ» የሚለውን ምልክት ሳያዩ ነዳጅ ማቃጠል የራስ ጥፋት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለምትጓዙ እንደ በርድጋይድስ ያሉት፣ ሠራተኞቻቸው ወሬ ተቀብለው የሚያሠራጩት የክፍያ አገልግሎቶች፣ ገንዘባቸው አይቆጭም። ከዚያ ርቃችሁ ስትወጡ ግን ጥቅማቸው ይቀንሳል።

ወደ ኢትዮጵያ ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ኢበርድ ሁለት ዓይነት ማሳወቂያ አለው፦ አንዱ ለቦታው ብርቅ ስለሆነ ወፍ፣ ሌላው እናንተ ገና ስላላያችሁት ወፍ። ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ብቻ የምትኖረው ግራጫዋ ቁራ መሰል ወፍ ለዓለም ብርቅ ናት፤ ለያቤሎ ግን የሰፈር ወፍ ናት። የመጀመሪያውን ብቻ ከመረጣችሁ፣ ከመኪናችሁ አጠገብ እየለቀመች ስልካችሁ ጸጥ ይላል። ሁለተኛውን ምረጡ። የዝርያዎቹንም ዝርዝር ኔትወርክ ሳይጠፋ፣ አዲስ አበባ እያላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። መዝጋቢው ከእንግሊዝ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነውና፣ ካርታው ባዶ ያሳያችሁ ቦታ ሁሉ ወፍ የሌለበት እንዳይመስላችሁ፤ ማንም ስላልጻፈ ነው። እዚያ ስትደርሱ ለአገሬው አስጎብኚ ደውሉና እንደ ናንሲ ደንበኞች «ዛሬ ምን አለ?» በሉት።