ወለባና የማርትሬዛ ብር

ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ የድሮ ነገር ሲነሳ ስለ ጦርና ስለ ሹመት ብዙ ተብሏል። እኛ ዘንድሮ የመረጥነው ትንሽ ዕቃ ነው፤ የእናቶቻችንን ወለባ።

ወለባ ሹሩባ ላይ የሚሰካ የብር መርፌ ነው። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠጉር ጥብቅ ተደርጎ ተሠርቶ ቅቤ ሲቀባ ራስ ማከኪያውም እሱው ነው፤ በጣት ከነካኩትማ ሹሩባው ይበላሻላ! ሲመረጥም ከራሱ ጌጥ ይልቅ እግሩ ይታይ እንላለን። እግሩ ቀጥ ያለና ለስላሳ ካልሆነ ጠጉር ይነጫል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ ካልሳበውም ገና ነው፤ ብር የተቀባ ነሐስም አይሳብምና።

ታዲያ ብሩ ከየት መጣ? አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ የሚያቀልጠው በአብዛኛው የማርትሬዛን ጠገራ ብር ነበር። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ስትሆን የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ሲመታ ያው 1780 እየተጻፈበት ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የንግሥቲቱን ትከሻ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ልብሷን የያዘው የጌጥ መርፌ እዚያ አለ። ነጋዴው የመርፌውን ፈርጥ ሳይቆጥር ብሩን አይቀበልም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያስመቱም ገበሬው ማርትሬዛን አልተወም። የወረቀቱ ብር የተተካው በ1937 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ወለባ በራስ ላይ የተሰካ ጥሪት ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣል። የሚሸጠውም በሚዛን ነው፤ የአንጥረኛው እጅ አይታሰብም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነናል።

ሐዘንም ያወርደዋል። ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ስትላጭ ወለባው ሣጥን ይገባል፤ ጠጉሩ አድጎ ሹሩባ እስኪደርስ እዚያው ይቆያል። ዕድር እንደ ዛሬው ሳይስፋፋ ግን ለቀብርና ለተዝካር ሲባል ከሣጥን ወጥቶ ገበያ የሄደው ስንቱ ነው! አሁንም ለቀብር ወጪ ወለባ ልሽጥ የሚል አባል ካለ አስቀድሞ ለዕድሩ ዳኛ ይንገር፤ ገንዘቡ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።