የዝዋይ ታንኳና ያልተጻፈው ታሪክ

የኢትዮጵያ የባሕር ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ቀይ ባሕር እንወረውራለን። አዱሊስ፣ ምጽዋ፣ አሰብ እንላለን፤ መርከብና ወደብ እንቆጥራለን። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከመቂ አለፍ ሲል በስተግራው አንድ ሰፊ ውኃ ተዘርግቶ ያያል። በዚያ ውኃ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቀዝፍ የኖረ ሕዝብ መኖሩን ልብ የምንል ስንቶቻችን ነን? በዚህች አጭር ጽሑፍ የዝዋይን ሐይቅ ታንኳና ባለታንኳውን እናነሣለን።

የዝዋይ ሐይቅ፣ በኦሮምኛ ስሙ ደምበል፣ ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የመቂና የቀጣር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከርሱ ወጥቶ ወደ አቢያታ ይፈሳል። በመካከሉ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ከሴማዊው ወገን ሆኖ ለስልጢኛና ለሐረሪ የቀረበ ነው። ጎረቤቶቻቸው ላቂ ይሏቸዋል፤ ስሙን ውኃን በመቅዘፊያ ከማማሰል ጋር የሚያያይዙት አሉ። እንግዲህ ሕዝቡ በሥራ መሣሪያው ተጠርቷል ማለት ነው።

ስለነዚህ ደሴቶች በብዛት የሚነገረው የታቦተ ጽዮን ትውፊት ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ በደብረ ጽዮንም 70 ዓመት ያህል ተቀመጠ ተብሎ ይተረካል። ትውፊቱን እዚህ ለማጽናትም ሆነ ለማፍረስ አልተነሣንም። አንድ ጥያቄ ብቻ እናቅርብ። ታቦት በካህን ትከሻ እስከ ሐይቁ ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያስ? ያለ ታንኳ አንድ ክንድ አይራመድም። ታዲያ ማን አሻገራቸው? ትረካው የካህናቱን ክብር ሲጠብቅ የቀዛፊውን ስም አላነሣም። ትውፊቱን እንደ ቃሉ የተቀበለ ሰው ከካህናቱ በፊት በውኃው ላይ ታንኳ የሚያውቅ ሰው ነበረ ብሎ መቀበሉ አይቀርም።

ታንኳው ራሱ ምንድን ነው? ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገልና ከመሰል የውኃ ዳር ተክል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶው ከነዶ ጋር ተጠፍሮ አፍንጫው ሾጠጥ ይደረጋል። የሚንሳፈፈው በቅርጹ አይደለም፤ የተክሉ ውስጥ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ነው። ያው አየር የያዘው ቀዳዳ ግን ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ወደ ደረቅ ይጎተታል፣ ፀሐይ ይመታዋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያረጀው ይጣልና ሌላ ይታሰራል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የደብረ ጽዮን የግእዝ መጻሕፍት በብራና ተጽፈው ዘመን ተሻግረዋል። ታንኳ ግን ይበሰብሳል። የመቶ ዓመት ታንኳ ማግኘት ይቸግራል። ከትናንት ወደ ዛሬ የተላለፈው ዕቃው ሳይሆን እጁ ነው፤ አባት ሲያስር ልጅ እያየ። አንድ ትውልድ ማሰሩን ቢተው ያ ሁሉ ታሪክ ያለ ምስክር ይቀራል።

ይህ ዕውቀት ተራ ነገር እንዳልነበረ ከሌላ ሐይቅ እንማር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ወሎ ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲደርስ ውኃው አገደው። ጦሩ ታንኳ የሚሆን ነገር አሥርቶ ሊሻገር ሲዘጋጅ መነኮሳቱ ንብረታቸውን ወደ ማስረከብ ደረሱ። እንግዲህ ደሴትን ምሽግ የሚያደርገው ውኃው ብቻ አልነበረም፤ ታንኳው በማን እጅ ነው የሚለው ነበር። በዝዋይ የዚህ በር ቁልፍ በዛዮች እጅ ቆየ።

በር ደግሞ ለመዝጋት ብቻ አይሠራም። የደሴቶቹ መሬት ጠባብና ተዳፋት በመሆኑ ዛዮች በድንጋይ እርከን እየደገፉ ቢያርሱትም ሁሉን አያበቅልም። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጥጥ ፈትለው ይሸምናሉ። ዓሣውና ሸማው በታንኳ ወደ ዳር ወጥቶ ከአርሲ ኦሮሞ እህልና የከብት ተዋጽኦ ሲገባ ኖሯል። ጠብ የነበረበት ዘመን አለ፤ ገበያና ጋብቻ የነበረበትም አለ። ዛዮች ኦሮምኛን አቀላጥፈው መናገራቸው በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ታሪካቸውን «ተከበው የኖሩ» ብሎ መደምደም ስለዚህ ግማሹን መጣል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1886 የአፄ ምኒልክ ጦር የአርሲን ዘመቻ ከፈጸመ በኋላ ብዙ ዛዮች ከደሴቶቹ እየወጡ በሐይቁ ዳርቻ ሰፈሩ። የአስፋልት መንገድና የከተማ ገበያ ሲመጣ ቆሮሶው ለቤት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለአዲስ አበባና ለአዳማ ሸማች ይጫን ጀመር። መረብ በዛ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ተቋቋመ፣ የብረትና የፋይበር ጀልባ ከነሞተሩ ገባ። ይህ መጥፎ ነው አንልም። የታመመች እናት ከቱሉ ጉዶ ወደ ከተማው ጤና ተቋም የምትደርሰው በሞተር ነው፤ ለኛ ትዝታ ስትል በደንገል ትቀዘፍ የሚል ካለ እሱ ራሱ ይቅዘፍ!

ሆኖም የዓለምን ነገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አትላንቲክ ሲያስወጣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር፤ ያሰሯት ደግሞ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሰዎች የታሰረችው «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ደረሰች። ሊቃውንቱ የመጻሕፍት ክምር ይዘው ሲከራከሩ ውቅያኖስ ያሻገረው የሐይቅ ዳር ሰው እጅ ሆነ።

የኛ የሐይቅ ዳር ሰዎችስ? የዛይኛ ተናጋሪ ዛሬ በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ነው፤ የመቅዘፊያው፣ የነዶው፣ የነፋሱ ስም የሚኖረው በዚያ ቋንቋ ውስጥ ነው። ከሐይቁ የሚቀዳው ውኃ ለመስኖና ለአበባ እርሻ በዝቷል፤ የቡልቡላ ውኃ የሚመግበው አቢያታም ክፉኛ ሸሽቷል። ውኃው፣ ቋንቋውና እጁ በአንድ ዘመን እየሳሱ ናቸው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ነን ካልን ሥራው ቅርባችን ነው። ለክረምት ወደ ባቱ፣ ወደ መቂ፣ ወደ አዳማ የምንመለስ አለን። ታንኳ ማሰር የሚያውቁ አዛውንቶችን ፈልገን እንጠይቅ፤ ተክሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ እያንዳንዱ ነገር በዛይኛ ምን እንደሚባል እንጻፍ። ካህናቱን ያሻገረው ቀዛፊ ስሙ ጠፍቷል። የዛሬዎቹን ግን ስማቸውን ጠይቀን መጻፍ እንችላለን።