የጥቁር ሰሌዳው ስሞች

ፊላዴልፊያ፣ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1936። የዘጠኝ ቡድኖች ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበዋል። ከፊታቸው ጥቁር ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ የዘጠና ወጣቶች ስም ሰፍሯል። ሁሉም በኮሌጅ ኳስ ያነገሡአቸው ናቸው፤ አንዳቸውም ግን «ወዴት መሄድ ትሻለህ?» ተብለው አልተጠየቁም። ስብሰባው እስኪበተን ድረስ ከዘጠናው ስም 81ዱ በተራ እየተጠራ ተከፋፈለ።

የምተርክላችሁ እግር ኳስ እኛ የምናውቀው አይደለም። ሞላላዋን ኳስ በእጅ አቅፈው የሚሮጡበት፣ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታውን ራሱን እስከ ዛሬ በደንብ አልተረዳሁትም፤ ይዞኝ የቀረው ሰው ወደ ቡድን የሚገባበትና ከቡድን የሚወጣበት ሥርዓት ታሪክ ነው። መግቢያውን ድራፍት ይሉታል፤ መውጫውን ደግሞ ነጻ ዝውውር ልንለው እንችላለን። በመግቢያው በርና በመውጫው በር መካከል ሃምሳ ሰባት ዓመት አለፈ።

መግቢያውን ያበጀው በርት ቤል ይባላል። አባቱ የፔንሲልቫኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩ፣ በምቾት ያደገ ሰው ነው። በ1933 ከወዳጁ ጋር ሆኖ በ2,500 ዶላር አንድ የከሰረ ቡድን ገዛ፤ ስሙንም ከሩዝቬልት የኢኮኖሚ ማገገሚያ ፕሮግራም ሰማያዊ ንስር ወስዶ «ንስሮቹ» አለው። ንስሮቹ ግን አልበረሩም። ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ወደ ባለጠጎቹ፣ ወደ ቺካጎና ወደ ኒውዮርክ ይጎርፍ ነበር። ስታን ኮስትካ የተባለ የሚኒሶታ ጉልበተኛ ተመርቆ በወጣ ጊዜ ቤል ሊያስፈርመው ብዙ ደከመ፤ ልጁ ግን በዋጋ ፉክክሩ መጨረሻ ለብሩክሊን ፈረመ።

ቤል በሜይ 1935 ለማኅበርተኞቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የዓመቱ መጨረሻ የወጣው ቡድን ከኮሌጅ ተመራቂዎች ቀድሞ ይምረጥ፤ ሻምፒዮኑ በመጨረሻ ይምረጥ፤ የተመረጠውም ልጅ ከመረጠው ቡድን በቀር ከሌላ ጋር እንዳይደራደር ይሁን። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የቺካጎው ጆርጅ ሃላስና የኒውዮርኩ ቲም ማራ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ትኬት እንደማይሸጥ ገብቷቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው መውደቁ ነው። የትኛው እውነት እጃቸውን እንዳነሣው እኔ አልፈርድም፤ ሁለቱም በአንድ እጅ ውስጥ ነበሩና።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የእኔ ዘመን ተማሪዎች «ምደባ» የሚለውን ቃል ያውቁታል። ቅጹ ላይ ምርጫህን በቅደም ተከተል ትሞላለህ፤ ከወራት በኋላ ዝርዝሩ ይለጠፋል፤ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርተህ ስምህን በጣትህ ትፈልጋለህ። እኔ ሥነ ጽሑፍ በአንደኛ ተራ ሞልቼ አካውንቲንግ ደረሰኝ። መዳቢዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። የሚሞላ ወንበር ነበራቸው፤ ለሁሉም የሚዳረስ ፍትሕ አስበዋል። ያም ሆኖ ያን ቀን ከሰሌዳው ፊት ስመለስ የተሰማኝን እስከ ዛሬ በግጥም መጨረስ አልቻልሁም። ስለዚህ ከቤል ጋር መከራከር ይቸግረኛል፤ ከሰሌዳው ጋር ግን እከራከራለሁ።

ከሰሌዳው አንደኛ ሆኖ የተጠራው ጄይ በርዋንገር ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ በኋላ የሃይዝማን ዋንጫ የተባለውን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው። ቤል መረጠው፤ የሚጠይቀውን እንደማይከፍል ሲያውቅ መብቱን ለሃላስ አሳልፎ ሰጠ። ከሃላስም ጋር በዋጋ አልተስማሙም። በርዋንገር ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ አንድም ቀን ለደመወዝ ሳይጫወት የስፖንጅ ጎማ ሻጭ ሆነ። በድራፍት ታሪክ የመጀመሪያው ምርጥ «አይሆንም» ያለ ሰው መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ አይሆንም ማለት ቀላል ነበር፤ ኳስ የሚከፍለው ከሌላው ሥራ ብዙም አይበልጥም ነበርና። እንጀራው የተሻለ ሲሆን እንቢታውም አብሮ ከበደ።

በሰሌዳው ላይ ያልተጻፉትንም ማንሳት ይገባል። ከ1934 እስከ 1945 በዚህ ማኅበር አንድም ጥቁር ተጫዋች አልተሰለፈም። ኬኒ ዋሽንግተን በ1939 የሎስ አንጀለስ ሜዳዎችን ያንቀጠቀጠ ተማሪ ነበር፤ በቀጣዩ ድራፍት ግን ስሙን የጠራ አልተገኘም። በሩ የተከፈተለት በ1946 ነው፤ ያን ጊዜ ጉልበቶቹ ደክመው ነበር። ለደካማው ቡድን ይታዘን ዘንድ የተሠራው ሥርዓት ለደካማው ሰው አለማዘኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይሻም።

አሁን ወደ መውጫው በር እንሂድ። የተመረጠ ሰው ውሉ ሲያልቅስ? በወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ዓመት ከተጫወተ በኋላ ነጻ ነበር። በ1962 አር ሲ ኦወንስ የተባለ ኳስ ተቀባይ ይህን አድርጎ ከሳንፍራንሲስኮ ወደ ባልቲሞር ተሻገረ። ባለቤቶቹ ደነገጡ። በቀጣዩ ዓመት የማኅበሩ ኃላፊ ፒት ሮዜል ሕግ አወጣ፤ ውሉን የጨረሰን ሰው የወሰደ ቡድን ካሣ ይከፍላል፣ የካሣውንም መጠን የሚወስነው ራሱ ሮዜል ነው። ዋጋው የማይታወቅ ዕቃ ደፍሮ የሚገዛ የለም። በሩ ክፍት ሆኖ ደጁ ላይ ገደል ተቆፈረ ማለት ነው።

ጆን ማኪ የባልቲሞር ሰው ነበር፤ መለያ ቁጥሩ 88። ሲሮጥ ተከላካዮችን እንደ እሸት በቆሎ እየዘነጠለ ያልፍ ነበር ይባላል። በ1970 የተጫዋቾቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከዚያም በስሙ በሮዜል ሕግ ላይ ክስ ተመሠረተ። በ1975 የሚኒያፖሊሱ ዳኛ ኤርል ላርሰን ፈረዱለት፤ በ1976 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ድሉ ግን እንደ ቀትር ጥላ አጭር ሆነ። በ1977 ማኅበሩ ከባለቤቶቹ ጋር ሲደራደር ያን ነጻነት በሌላ ጥቅም ለወጠው፤ ካሣው በሌላ ስም ተመለሰ። በ1987 ተጫዋቾቹ ለ24 ቀናት ሥራ አቆሙ፤ ባለቤቶቹ ከየመንደሩ ተተኪ ሰብስበው ጨዋታውን ቀጠሉ። በ1989 ደግሞ አንድ አስቂኝ ነጻነት መጣ። እያንዳንዱ ቡድን 37 ተጫዋቾችን ያስራል፤ የተረፉት ነጻ ናቸው። ጎበዙ ታስሮ ሰነፉ የተፈታበት እስር ቤት ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

በ1992 በሚኒያፖሊስ ስምንት ሴቶች ዳኞች ሆነው በተሰየሙበት ችሎት ፍሪማን ማክኒልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ክስ ተሰማ፤ ሴቶቹም ይህ ሥርዓት የውድድር ሕግን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በ1993 በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ከወጡት አንዱ ሬጂ ዋይት ነው፤ ሰባኪም ተከላካይም የነበረ ግዙፍ ሰው። ከተማ ሁሉ ሲለማመጠው ከርሞ መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ያላትን ብርዳማዋን ግሪን ቤይ መረጠ። ለአራት ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ቤል ያለ ሰሌዳ ትንሿ ከተማ ትጠፋለች ብሎ ነበር የፈራው፤ ዋይት ግን ማንም ሳይመድበው በእግሩ ሄደላት። በጃንዋሪ 1997 ሻምፒዮን ሲሆኑ የባላጋራውን ኳስ አቀባይ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ የጣለው እሱ ነበር።

ባለቤቶቹ መውጫውን የከፈቱት በዋጋ ነው። ዋጋውም ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ ሆነ። የመጀመሪያው ጣሪያ ለአንድ ቡድን በዓመት 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 255.4 ሚሊዮን ደርሷል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተብሎ ነበር። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የእኛው ጣሪያ በሰው አናት ላይ የተሠራ ነው፣ የእነሱ በቡድኑ ቤት ላይ። በእነሱ ቤት ረጅሙ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል፤ ሌሎቹ ግን በዚያው መጠን ይጎነበሳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሙያ ነው። ለሃምሳ ሦስት ሰዎች ቦታ አለህ፤ ገንዘቡ ተለክቷል። ማርች ላይ ነጻ የሆኑት ይገበያሉ፤ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ድራፍቱ ይመጣል። ብልኅ አቃጅ በማርች የሚያፈስሰውን ጣሪያ በርካሽ ሰው ይደፍናል፤ ያን ያላደረገ በኤፕሪል ተርቦ ገበያ እንደወጣ ሰው ያገኘውን ይገዛል። በነጻነት የሚመጣው ሰው የተፈተነ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጀንበሩ አዘቅዝቃለች። በድራፍት የሚመጣው ርካሽ ነው፤ ግን ያልበሰለ ነው። ከ2011 ወዲህ የጀማሪው ደመወዝ በሰንጠረዥ ተወስኗል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ሲያገኝ፣ በዓመቱ አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን በሙሉ ውሉ 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ስለዚህ ጎበዝ ኳስ አቀባይ በድራፍት ያገኘ ቡድን አራት ዓመት የሚቆይ ሲሳይ አለው፤ በተረፈው ገንዘብ አንጋፋዎችን ያሰባስባል። አራቱ ዓመት ሲያልቅ ልጁ እውነተኛ ዋጋውን ይጠይቃል፤ አንጋፋዎቹም ይበተናሉ። ሰው የለቀቀበት ቡድን በቀጣዩ ድራፍት የማካካሻ ምርጫ ስለሚያገኝ፣ የሚያስቀናውን ሰው ሆን ብሎ የሚሸኝ አቃጅም አለ።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ሲፈርም 20 ሚሊዮን ዶላር በእጁ የተቀበለ ሰው ውሉ አምስት ዓመት ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ብቻ ይጻፍበታል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ብታሰናብተው ያልተጻፈው 12 ሚሊዮን መዝገብህ ላይ ይወርዳል። «የሞተ ገንዘብ» ይሉታል። ዴንቨር በ2024 ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት በሁለት ዓመት ተከፍሎ 85 ሚሊዮን ዶላር እንዲህ ያለ ሬሣ ተሸክሟል። ሰውየው በሌላ ከተማ ሲጫወት ስሙ እዚህ መዝገብ ላይ ነበር። በባንክ ቤት ብዙ ዓይነት የተበላሸ ብድር አይቻለሁ፤ እየሮጠ በቴሌቪዥን የሚታይ ግን አላየሁም።

ዳላሶች ይህን ጥበብ ቀድመው አውቀውታል። በ1989 አንድ ጨዋታ ብቻ ባሸነፉበት ዓመት ኮከባቸውን ሄርሼል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጡ። በምትኩ አምስት ተጫዋቾች መጡ፤ ሁሉም «ኮከቡን በሽማግሌዎች ሸጡት» አለ። ምሥጢሩ ከየተጫዋቹ ጋር የታሰረ የድራፍት ምርጫ መኖሩ ነበር፤ ሰውየው ከተሰናበተ ምርጫው የዳላስ ይሆናል። አሠልጣኙ ጂሚ ጆንሰን የፈለጉት ሰዎቹን ሳይሆን መሰናበታቸውን ነበር። ከዚያ በተገኘው ሀብት ኤሚት ስሚዝን የመሰለ ሯጭ መጣ፤ ሦስት ዋንጫም ተከተለ። በ1991 ደግሞ የዚያው ቡድን ባለድርሻ፣ የነዳጅ መሐንዲሱ ማይክ ማኮይ፣ ለእያንዳንዱ ምርጫ ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አወጣ። አንደኛው ምርጫ 3,000 ነጥብ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ሰንጠረዡ ያምራል፤ እኔም የምሠራው ዓይነት ነው። ከግርጌው ግን ቶም ብሬዲ ተቀምጧል። በ2000 ስድስት ኳስ አቀባዮች ቀድመውት ተጠርተው እሱ በ199ኛ ተራ ወጣ፤ ሰባት ዋንጫም በላ። ሰባተኛውን የበላው በሌላ ከተማ ነው። በማርች 2020 ውሉን ጨርሶ፣ በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ የፈለገውን መርጦ ወደ ታምፓ ሄደ። ያን ቀን ካሣ የጠየቀው አልነበረም።

በርት ቤል በኦክቶበር 1959 ሞተ፤ ሁለቱ የቀድሞ ቡድኖቹ ሲጫወቱ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጦ እያየ ልቡ ቆመ። ማኪ ወደ ዝነኞቹ አዳራሽ የገባው ጨዋታ ካቆመ ሃያ ዓመት ከተጠጋ በኋላ፣ በ1992 ነው። ከዚያ በኋላ አእምሮው ይደክም ጀመር፤ ስሞችን፣ ከዚያም ፊቶችን ረሳ። ባለቤቱ ለማኅበሩ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ። በ2007 አእምሯቸው ለደከመ የቀድሞ ተጫዋቾች ማስታመሚያ የሚሆን ገንዘብ ተመደበ። በመጀመሪያ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 88,000 ዶላር ነበር፤ ልኩ የተወሰደው ከመለያ ቁጥሩ ነው። ማኪ በጁላይ 2011 አረፈ። በዚያው ወር ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ የአዲሱን ውል ቁጥሮች ይደራደሩ ነበር።