በይደር የቆየ ደመወዝና የሜዲኬር አረቦን

በይደር የቆየ ደመወዝ፣ በአሜሪካ፣ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር ተስማምቶ ለኋላ ዘመኑ ያቆየው ደመወዝ ነው። ከሥራ ከወጣ በኋላ ሲከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በደብሊው-2 ቅጽ ሣጥን 1 እና 11 ይመዘገባል፤ የገቢ ግብሩም በዚያው ዓመት ይታሰባል። ጡረተኞችን ሳያስቡት የሚይዛቸው ግን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ነው። የክፍል ቢ እና የክፍል ዲ አረቦን የሚተመነው ከ2 ዓመት በፊት በነበረው ገቢ ነውና። ለ2025 የታየው የ2023 ገቢ ነበር፤ ያላገባ ሰው ገቢው ከ106,000 ዶላር በአንድ ዶላር እንኳ ቢያልፍ፣ የክፍል ቢ ወርሃዊ አረቦኑ ከ185 ወደ 259 ዶላር ይዘል ነበር። ስለዚህ ክፍያውን በአንዴ ከመውሰድ በየዓመቱ መከፋፈሉ ብዙ ጊዜ ይበጃል፤ ምርጫው ግን በአብዛኛው የሚደረገው ገንዘቡ ገና ሳይሠራ ነው። ሥራ ያቆመ ሰው በኤስኤስኤ-44 ቅጽ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል፤ ዳጎስ ያለ ክፍያ መቀበሉ ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይሆንም።