ሮም የተመታው ጠገራ ብር

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የታወጀው የገንዘብ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. 80 ዓመት ሞላው። ዛሬ በኪሳችን ለያዝነው ብር መሠረት የሆነው አዲስ ገንዘብ የወጣው ያን ቀን ነው። በአዲሶቹ የወረቀት ኖቶች ላይ የፈረሙት የወቅቱ የመንግሥት ባንክ ገዢ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ከሐረር እስከ ጎጃም ሲገበያዩበት የኖረው ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ፣ ከገበያ የሚሰናበትበት መንገድም የተከፈተው በዚሁ አዋጅ ነው።

ዛሬ ማርትሬዛ ማየት የሚሻ ሰው ባንክ ሄዶ አያገኘውም። በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በገርጂ ወይም በሲኤምሲ አካባቢ ካሉት አፓርታማዎች ወደ አንዱ ቢጋበዝ ግን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ጥቁር ከፋይ በለበሰ መስታወት ውስጥ ሊያየው ይችላል። አጠገቡ የብር ድሪ፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀልና የክታብ መያዣ ተሰድረዋል። አንዳንዱ ቤት በብር የተለበጠ ጋሻም አለ። ማርትሬዛው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንገት ጌጥነት ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ካለችው ከኦስትሪያዋ ንግሥት ከማሪያ ቴሬዛ ራስ በላይ ትንሽ የማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል። የንግሥቲቱ ጉንጭና አፍንጫ ስንት ዓመት ከቀሚስ ጋር ሲተሻሽ ኖሮ ለስልሷል። በጀርባው ያለው ባለሁለት ራስ ንስር ግን አንዳንዴ ላባው ሳይቀር ይለያል።

ከጥንት ዕቃ ሻጭ ጋር ዋጋ ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ የታወቀ ነው። «የኦስትሪያው ነው ወይስ የጣልያኑ?» የኦስትሪያው ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የጣልያኑ ከተባለ እንደ ሐሰተኛ ይታያል። ይህ ልማድ ያለ በቂ ምክንያት ሥር የሰደደ ነው፤ ለመመርመር ወደ 1927 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ በብዙ መጽሐፍ የተጻፈ ስለሆነ ባጭሩ ይለፍ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ሳንቲሟ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ንጥረ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ገበያተኛው ማርትሬዛ ሲቀበል ዕንቁዎቹን ይመረምር ነበር፤ በንግሥቲቱ ዘውድ 7፣ በትከሻዋ ጌጥ ላይ 9። ከጠገራው ያነሰ ዕቃ በአሞሌ ጨው ወይም በጥይት ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም በቅሎና እህል የሚገዛው በሌላ ገንዘብ እንዳልሆነ ሲረዳ፣ እንግሊዞች ይህንኑ ሳንቲም ከቪየና በብዛት አስመቱ። አፄ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ከማርትሬዛ ጋር በክብደት እኩል አደረጉት። እንዲያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለው ገበያ ንግሥቲቱን አልለቀቀም።

አሁን ወደ 1927 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር፣ ጣልያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ ጋር ተስማማ። ኦስትሪያ የማርትሬዛን ቅርጽ ማተሚያ ለ25 ዓመት ለጣልያን ሰጠች፤ እሷ መምታቱን አቆመች፤ ሮም ጀመረች። ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሙሶሊኒ ይህን ያደረገው ለምንድን ነው?

አንደኛው ወገን የኢትዮጵያን ንግድ ለማነቅ ነው ይላል። ከቀይ ባሕር ወደብ የሚገባው ብር ሁሉ ከሮም እጅ እንዲወጣ ከተደረገ፣ ፋሽስቱ ቧንቧውን ሲፈልግ ይዘጋል። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ነገር አይጠፋም። ኤደን ላይ የነበሩ ነጋዴዎች ከሮም ብቻ እንዲገዙ በመገደዳቸው ተቸግረዋል። እንግሊዝም ዝም አላለችም። ማርትሬዛ የማንም አገር ሕጋዊ ገንዘብ ስላልሆነ ማንም ሊመታው ይችላል ብላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ለንደን ውስጥ መታችው። ፓሪስ ከዚያ ቀድማ ጀምራ ነበር፤ ብራስልስ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ቦምቤይም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተከተሉ። ሁሉም በሳንቲሙ ላይ ያንኑ 1780 ጻፉ።

ሁለተኛው ወገን ጉዳዩ ተራ የስንቅ ጉዳይ ነው ይላል። ኢትዮጵያ ምድር ላይ የሚዘምት ጦር ናፒየር የገጠመውን መግጠሙ አይቀርም። ባላገሩ በሬውን፣ በቅሎውንና እህሉን የሚሸጠው በጠገራ ብቻ ነው፤ ለቅኝ ግዛቱ ወታደር ለአስካሪውና ለመንገድ ሠራተኛውም የሚከፈለው በዚያው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የሆነውም ለዚህኛው ወገን የበለጠ ይመሰክራል። ጣልያን ሊሬዋን አምጥታ ማርትሬዛን ከገበያ ልታስወጣ ሞከረች። ገበያው እምቢ አለ። ሕዝቡ ማርትሬዛውን ሸሸገ፤ ሊሬውን አልፈልግም ያለ ጥቂት አልነበረም። የጣልያን አስተዳደር የምንዛሪውን ዋጋ ደጋግሞ ከፍ ቢያደርግም የሊሬን ክብር ማስከበር አልቻለም። በመጨረሻ ወራሪው ራሱ ያባረረውን ሳንቲም ሮም ላይ በሚሊዮኖች እየመታ ወደ አገር ውስጥ አስገባ።

ይህን ልብ ላለ ሰው የሮሙ ጠገራ የውርደት ዕቃ አይደለም። ንጥረ ብሩ የኦስትሪያው ያህል ነው። ከወረራው በኋላ መመታቱን የቀጠለውም ሊሬን ያልተቀበለው የኢትዮጵያ ገበያ ወራሪውን ስላስገደደው ነው። የእናቱን ድሪ የወረሰ ሰው «የጣልያን ነው» ተብሎ በርካሽ ሲሸጠው፣ ከብሩ ጋር አብሮ የሚያጣው ይህ ታሪክ ነው። የትኛው የት እንደተመታ መለየትም በደፈናው አይሆንም። ባለሙያ አጉሊ መነጽር ይዞ የዕንቁዎቹን አቀማመጥ፣ የንስሩን ጭራ ላባ፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለችውን የመስቀለኛ ምልክት ቅርጽና በሳንቲሙ ጠርዝ ዙሪያ የተቀረጸውን ላቲን ያያል። በጠርዙ ላይ የተጻፈው የንግሥቲቱ መሪ ቃል «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ነው። ይህን ሳያዩ «ሐሰተኛ ነው» የሚሉ ደላሎች ቃል ሊታመን አይገባም።

ብዙው ማርትሬዛ ግን ሳንቲም ሆኖ አልቀረም። አንጥረኛ እጅ ገብቶ ቀልጧል። የአንገት መስቀሉ፣ ጉትቻው፣ አልቦው፣ የጎራዴው አፎት ጌጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ጽናጽል ሁሉ ከጠገራ የተነጠረ ብር አለበት። አንጥረኛው በሰም ቀርጾ ያቀልጣል፤ ወይም ቀጥቅጦ በሞረድ ያበጃል። የደንበኛዋ ጠገራ ስንት እንደነበረና ከጌጡ ስንት ግራም እንደተመለሰ ሁለቱም በሚዛን ይተማመናሉ። ከ1937 ዓ.ም. በኋላም ልማዱ አልተቋረጠም። አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ የ50 ሳንቲሙ ሽልንግ እውነተኛ ብር ነበረበት። የብሩ ጥሬ ዕቃ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ሆኖ ከአሜሪካ በብድር የመጣ ነው። እሱም ተራውን ጠብቆ አንጥረኛ ቤት ገባ።

የተረፈውን የሰበሰቡም አሉ። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ለማቋቋም የደከሙ ሰው ናቸው፤ የኢትዮጵያን መስቀሎች በማጥናት ስማቸው ይነሳል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የተቋሙ ሙዚየም የሚያሳያቸው መስቀሎች፣ አንድ ሰብሳቢ ቤቱ ያለውን ጌጥ ለማነጻጸር የሚረዱ ናቸው። ማንኛውም የቦሌ ሰብሳቢ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

ነገሩ የአሁን ጉዳይም ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ላይ ከ14 ዓመት ወዲህ ያልታየ ዋጋ ላይ ደረሰ። አንድ ማርትሬዛ 23 ግራም ከጥቂት ንጹሕ ብር ስለያዘ፣ ጌጥ ከመሆን ይልቅ በክብደቱ መሸጡ የሚያዋጣበት ጊዜ መጥቷል፤ የቀለጠ ድሪ ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። በአንጻሩ በሻንጣ ይዞ መሄድም ቀላል መንገድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾችም ሻንጣ ሲከፍቱ የሚጠይቁት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተሰጠ ወረቀት ነው። ቤቱ ውስጥ የቆየ የብር ዕቃ ያለው ሰው፣ ደላላ ከመጥራቱና አንጥረኛ ዘንድ ከመውሰዱ በፊት፣ ዕቃውን ፎቶ አንስቶ፣ መዝኖና ጠርዙን ተመልክቶ የት እንደተመታ ቢጽፍ፣ ከእናት ወይም ከአያት የሰማውንም እዚያው ቢመዘግብ፣ ለልጆቹም ለአገሪቱ ሙዚየሞችም የሚጠቅም መረጃ ያኖራል።