የዴስክቶፕና የሰርቨር ፕሮሰሰር፦ ራይዘን 7 1800ኤክስ እና ኤፒክ 7601
ሲሊከን፣ መዳብ፣ ወርቅ ቅብ መገናኛዎች። ኤኤምዲ፣ አሜሪካ፣ 2017 እ.ኤ.አ.

በመጠን ቢራራቁም ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት የሲሊከን ቁራጭ ነው። 213 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋትና 8 ኮር ካለው ከዚህ ቁራጭ ራይዘኑ አንድ፣ ኤፒኩ አራት ይዟል።

ራይዘኑ የታሰበው ጌም ለሚጫወት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር አንድ ሰው ስለሆነ ፍጥነት ይቀድማል፤ ከ3.6 ጊጋኸርዝ ተነስቶ 4 ይደርሳል። ኤፒኩ ከ2.2 ይነሳል። ዝግተኛ ይመስላል፤ ሆኖም 32 ኮሮቹ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚልኩትን ሥራ ይከፋፈሉታል፤ ከሚሞሪ ጋር የሚገናኘውም እንደ ራይዘኑ በ2 ሳይሆን በ8 መስመር ነው። የኃይል ፍላጎቱ 180 ዋት ሲሆን የራይዘኑ 95 ነው።

ሲወጡ ራይዘኑ 499፣ ኤፒኩ 4,200 ዶላር ገደማ ነበሩ፦ ሲሊከኑ አራት እጥፍ፣ ዋጋው ከስምንት እጥፍ በላይ!

ጀርባቸውን ይመልከቱ። የራይዘኑን 1,331 ቀጫጭን ፒኖች ልብ ይሏል፤ አንዱ ከተጣመመ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የኤፒኩ ጀርባ ግን ለጥ ያለ ነው፤ 4,094ቱ ፒኖች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ራይዘኑ በአንዲት ማንሻ ሲቆለፍ፣ ኤፒኩ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በሚጠብቁ ሦስት ብሎኖች ይታሰራል።